በበር ቀለም የተቀባው ቲታኒየም

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ የጋሽ መኮንን ብስክሌት መጠገኛ በር ላይ ቆሜ ነበር። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አንድ የተጣመመ ቸርኬ ያቃናሉ። ሰላም ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ጥላዬ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ዞር ሳይሉ፣ "ካላማዳሪ ከሆነ አልቋል። ሐሙስ ይመጣል" አሉ።

"ለሥራ ነው የመጣሁት" አልኩ።

አሁን ዞሩ። "ምን ተማርሽ?"

"ሜካኒካል ምህንድስና።"

"ታዲያ እዚህ ምን ጣለሽ?"

"ሥራ።"

ሳቁ። "በአንድ ቃል የምትመልስ ሰው ጥሩ ናት። ዕቃም አታባክንም" አሉና ፒንሳ አቀበሉኝ። ቅጥሬ ይኸው ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ ተማሪ ብስክሌት ፍሬን አጠበቅኩ። ስጨርስ ጋሽ መኮንን ብስክሌቱን ወደ በሩ ገፋ አደረጉልኝ። "በዚህ ቤት የጠገነ ይነዳል" አሉኝ። "ባለቤቱ ከመውጣቱ በፊት አንቺ ትወጪበታለሽ። ፍሬኑ ካልያዘ አንቺ ትወድቂያለሽ፣ እሱ አይወድቅም።" ወደ ውጭ አየሁ። ባጃጆች በሩ ፊት ተሰልፈው ሾፌሮቹ ወሬ ይዘዋል። አንዱ ቀና ብሎ አየኝ። እግሬ አልሄድ አለ። ጋሽ መኮንን ትንሽ ጠበቁኝና ብስክሌቱን ተቀብለውኝ ራሳቸው ነዱት። ሲመለሱ፣ "እማሆይ ከገዳማቸው አይወጡም ማለት ነው" አሉኝ። ጴንጤ መሆኔን ካወቁ በኋላ እንኳ ስሙን አልተዉትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ እኔ እጠግናለሁ፣ እሳቸው ይነዳሉ።

ጋሽ መኮንን የደሴ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ሆነው ወደ አርባ ምንጭ መጥተው በዚሁ ቀሩ። ትልቅ ሰውነት፣ ትልቅ ድምፅ አላቸው። ደንበኛ ሲያነጋግሩ መንገድ ማዶ ይሰማል። እኔ የምለውን ለደንበኛው የሚያደርሱልኝ እሳቸው ነበሩ። "ልጅቷ ኩሽኔታህ ሞቷል እያለችህ ነው" ይሉታል፤ እኔ በጆሯቸው ሹክ ካልኳቸው በኋላ።

ሥራችን ለሚያልፍ ሰው ጎማ መለጠፍ ይመስላል። አብዛኛው እውነትም እሱ ነው። ከጫኖና ከላንቴ ሙዝ ጭነው የሚመጡ ብስክሌቶች ኮርቻቸው ሥር ይጎብጣሉ፤ የኋላ ቸርኬያቸው እንደ እንቁላል ይሆናል። እነሱን ማቃናት የዕለት እንጀራችን ነው። ግን ብረት ላይ እጅ ሲቆይ ሌላ ነገር ይመጣል። ኩሽኔታ ሲያልቅ ከጆሮ በፊት ጣት ይሰማዋል። የላላ ብሎን ሳይነኩት በፊት ፊቱ ላይ ይታያል። ዩኒቨርሲቲ ስለ ብረት ድካም፣ ብረት በተደጋጋሚ ጫና ስለ መሰንጠቁ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተምሬ ነበር። ድካም ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን እዚህ ነው።

ያሳዩኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። ስንጥቅ የተጠረጠረበትን ብረት በላምባ ይቀቡታል። ከዚያ እስኪደርቅ በጨርቅ ይወለውሉታል። ከዚያ ጠመኔ ፈጭተው ይነሰንሱበታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ስንጥቅ ካለ፣ ውስጥ የገባው ላምባ ቀስ እያለ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ጠመኔ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ትንፋሼን ይዤ ነበር። ዓይን ያላየው ቁስል ራሱን ጻፈ። "ብረት ይደብቃል፣ ላምባ ያወራል" አሉኝ ጋሽ መኮንን። ከእኔ ይልቅ ላምባው ተናጋሪ መሆኑንም አከሉበት።

ከደንበኞቻችን መካከል የምወዳት አማረች ነበረች። የጫኖ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። ከሲቀላ እስከ ምዕራብ ዓባያ ያለውን መንገድ በተዋሰችው ብስክሌት ስትነዳ ያያት ሁሉ ይቆማል። ችግሯ ቁመቷ ነበር። አጭር ናት። የምትዋሰው የኮርስ ብስክሌት ሁሉ ለረጅም ወንድ የተሠራ ስለሆነ፣ ፔዳሉ ላይ ለመድረስ በየዙሩ ዳሌዋን ታዘነብል ነበር። ያም ሆኖ ወንዶቹን ትቀድማለች። አንድ ክለብ ሴት ብስክሌተኞች ሊመለምል መሆኑን ሰምታ ሄዳ ነበር። "የልክሽን ኮርስ ይዘሽ ነይ፣ እንይሽ" አሏት። ፈተናው በቀጣዩ ሳምንት ነበር።

አንድ ቀን እየሮጠች ገባች።

"እትዬ ሩት! ላንቴ አንድ ኮርስ አለ። አረንጓዴ። ትንሽ። በአንድ ጣቴ አነሳሁት!"

"በአንድ ጣት የሚነሳ ሳይክል" አሉ ጋሽ መኮንን ከጥግ፣ "ወይ አሉሚኒየም ነው ወይ ውሸት ነው።"

"እውነቴን ነው ጋሼ! ፈረንጅ ትታው የሄደችው ነው።"

አባቷ አቶ ዛራ ከኋላዋ ቀስ ብለው ገቡ። ሙዝ አምራች ናቸው። ዘንድሮ ሙዛቸው ጥሩ ተሸጦላቸዋል፤ ገንዘቡ የቤታቸውን ጣሪያ ቆርቆሮ ለመቀየር የታሰበ ነበር። ያለፈው ክረምት ጣሪያው እያፈሰሰ አልጋቸውን ሦስት ጊዜ አዛውረዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ። ወደ ጋሽ መኮንን አልዞሩም።

"ልጄ፣ እኔ ሳይክል አላውቅም" አሉኝ። "ሙዝ ነው የማውቀው። ወይ ቆርቆሮ ነው ወይ ሳይክል፤ ለሁለቱ አይበቃም። አንቺ ግዛ ካልሽ እገዛለሁ። ተው ካልሽ ቆርቆሮዬን እመታለሁ።"

ጋሽ መኮንንን አየኋቸው። እሳቸው ቸርኬያቸውን ማሽከርከር ቀጠሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አራታችን በአንድ ባጃጅ ተጭነን ላንቴ ሄድን። ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩት ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ ላምባ በትንሽ ጠርሙስ፣ ጠመኔ፣ ቲነር፣ ጨርቅ፣ መለኪያ ካሊፐርና ብረት መቁረጫ ሴጌቶ ነበር። አማረች መንገዱን ሁሉ ታወራ ነበር። አባቷ ግን የሚያልፉትን ቤቶች ጣሪያ ያያሉ።

ባለቤቱ አባባ ኦይቻ ይባላሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ድሮ የአንዲት ፈረንጅ የውኃ መሐንዲስ ዘበኛ ነበሩ። ሴትየዋ አጭር ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት በብስክሌቷ እስከ ሐይቁ ድረስ ትነዳ ነበር ይላሉ። አገሯ ስትገባ ብስክሌቱን ለእሳቸው ተወችላቸው። እሳቸው አልነዱትም፤ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ለዓመታት ሰቅለውት ኖሩ። አሁን ማንጎ ዛፍ ሥር አቁመውልናል። ከዛፉ ጀርባ የቤታቸው በር ይታያል። በሩ አረንጓዴ ነው። ብስክሌቱም አረንጓዴ ነው። አንድ ዓይነት አረንጓዴ።

ጋሽ መኮንን ማግኔቱን ከቦርሳዬ አወጡና ገበያ ላይ እንዳለ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ብረት ከሆነ ይስመዋል! እዩ!" ከኮርቻው ወደ መሪው የሚሄደው ቧንቧ ላይ አስጠጉት። ማግኔቱ አልያዘም። "እንቢ አለ! ብረት አይደለም። አሉሚኒየም ነው፤ አላልኩም?"

እኔ አሉሚኒየም አልመሰለኝም። ቧንቧዎቹ ለአሉሚኒየም በጣም ቀጭን ናቸው። በጥፍሬ አንኳኳሁት፤ ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ። ግን ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም፤ ቀለሙ ከልክሎኛል። ቀለም ደግሞ ብየዳ ላይ ያለ ስንጥቅ ይሸፍናል። ያገለገለ ብስክሌት ሊሸጥ ሲል አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ጥርጣሬ እሱ ነው። ይህን ለአንድ ሽማግሌ በግቢያቸው መንገር ደግሞ "ዋሽተዋል" እንደማለት ነው።

ወደ ጋሽ መኮንን ጆሮ ተጠጋሁ። ራሳቸውን ሸሸት አደረጉ። "ዛሬ አስተርጓሚ የለም" አሉኝ። "የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ።"

"አባባ" አልኩ። መሬት መሬት እያየሁ ነው። "ቀለሙን... ትንሽ ትንሽ ቦታ ላይ... እንድናነሳ ይፈቅዱልናል?"

አባባ ኦይቻ ለጋሽ መኮንን ሲሉ በአማርኛ ነበር የሚያወሩት። አሁን ግን በጋሞኛ ለአቶ ዛራ አንድ ነገር ተናገሩና ሁለቱም ሳቁ። "ራቁቱን ሆኖ እያሳፈረኝ ነው ያለበስኩት" አሉኝ። "እንግዳ በመጣ ቁጥር 'የኦይቻ ሳይክል ቀለሙ ተልጧል፣ ፈረንጇ አሮጌዋን ጥላበት ሄደች' ይሉኛል። በሩን ስቀባ ቀለም ተረፈኝ። እሱንም አለበስኩት። ከፈለግሽ አውልቂው!"

ጨርቄን ቲነር ውስጥ ነክሬ ቧንቧዎቹ የሚገናኙበትን ቦታ መወልወል ጀመርኩ። የበር ቀለም ስለሆነ ወዲያው ለቀቀ። ከሥሩ ያለው ብቅ ሲል እጄ ቆመ።

ቀለሙ ብርም አይደለም፣ ብረትም አይደለም። ፀሐይ ሳትወጣ ጫሞ ሐይቅ የሚኖረው ዓይነት ግራጫ ነው፤ ውስጡ ትንሽ ሙቀት አለው። ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት እኩል እኩል ተደራርቦ ቧንቧውን ይዞራል። ሰው በእጁ ይህን ያህል እኩል ነገር መሥራት ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት በዚህ አገር ሚስማር በአንድ ክረምት ይበላል። እዚህ ላይ አንዲት የዝገት ነጥብ የለችም። ፔዳሉ ከሚሽከረከርበት ሥር ያለውን ቀለም ሳነሳ የተቀረጹ ቁጥሮች አገኘሁ፤ ሦስት፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ አምስት። አውቃቸዋለሁ። ከመቶ ሦስት እጅ አሉሚኒየም፣ ሁለት ነጥብ አምስት እጅ ቫናዲየም። የቀረው ሁሉ ቲታኒየም ነው። ለፈተና ያጠናሁት ሰንጠረዥ ላይ የነበረ ስም ነው። በሕይወቴ እነካዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ቲታኒየም ነው" አልኩ። ጮክ ብዬ የተናገርኩ መሆኑን ያወቅሁት ሁሉም ሲያዩኝ ነው። "አውሮፕላን ውስጥ የሚገባ ነው። አይዝግም። ቀለም አያስፈልገውም። እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው።"

አባባ ኦይቻ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "አውሮፕላኑን የበር ቀለም ቀባሁት በይኛ!"

ጋሽ መኮንን እስኪያስላቸው ሳቁ። አቶ ዛራ እንኳ ከጣሪያ ሐሳባቸው ተመለሱ። አማረች ግን አልሳቀችም። ተጠግታ የተገለጠውን ቦታ በአንድ ጣቷ ዳሰሰችው፤ የሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ።

አቶ ዛራን ለብቻቸው ጠርቼ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ቲታኒየም ከተሰነጠቀ በእኛ ከተማ የሚበይደው የለም። በሙቀት ላይ እያለ አየር ከነካው እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ወይ ሙሉ ጤነኛ ነው፣ ወይ የግድግዳ ጌጥ ነው። "መሐል የለውም" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንደ ቆርቆሮ አይለጠፍም ማለት ነው።"

መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ገልጬ ላምባ ቀባሁ። ወለወልኩ። ጠመኔ ነሰነስኩ። ከዚያ ሁላችንም ማንጎው ሥር ተቀምጠን ነጭ የሆነውን ብስክሌት ማየት ጀመርን። አማረች ፊቷን አዙራለች። "ምን አለ?" ትላለች ሳትዞር። "እስካሁን ምንም" እላታለሁ። ደግማ ትጠይቃለች። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። አንዲት መስመር አልወጣችም።

"ጤነኛ ነው" አልኩ።

አማረች ዘላ ጋሽ መኮንንን አቀፈቻቸው። አቶ ዛራና አባባ ኦይቻ ተጨባበጡ። በዋጋው ቀድሞውኑ ተስማምተው ስለነበር የቀረው ምርቃት ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ሽያጭ የሚያልቀው ገንዘቡ ሲቆጠር አይደለም። ሽማግሌው ይመርቃል፣ በቦታው ያለ ሰው ሁሉ አሜን ይላል፤ ያኔ ያልቃል። ከአሜን በኋላ ወሬ የለም። ከተመረቀ በኋላ "ቆይ፣ ይህ ጎድሏል" የሚል ሰው የሽማግሌውን አፍ እንደመለሰ ነው የሚቆጠረው።

አባባ ኦይቻ ቆሙ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ለአማረች እግር ጸለዩ። ለመንገዱ ጸለዩ። ለአቶ ዛራ ሙዝም ጸለዩ። እኔ ከብስክሌቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። ከጋሽ መኮንን የተቀበልኩት ማግኔት እጄ ላይ ነበር፤ ስጨነቅ አንድ ነገር ማገላበጥ ልማዴ ነው። ድንገት ከጣቶቼ ተመዞ ወጣ። ጣ! አለ። ዓይኔን ገለጥኩ። ማግኔቱ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ በያዘው ሹካ ላይ ተለጥፏል።

ሹካው ብረት ነበር።

ብረት መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ይህ ብስክሌት በተሠራበት ዘመን የቲታኒየም ብስክሌት ላይ የብረት ሹካ መግጠም የተለመደ ነው። ግን ብረት ይዝጋል። ለዓመታት በሐይቅ ነፋስ ውስጥ ተሰቅሎ፣ ከዚያ በዝገቱ ላይ የበር ቀለም ተቀብቷል። እኔ ደግሞ ሁሉም አንድ አረንጓዴ ስለሆነ፣ ሁሉም ቲታኒየም ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ያ ድንቅ ግራጫ ዓይኔን ይዞት ነበር። ከላይኛው ሰፈር ከሼቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁለቱን ስትወርድ አማረችን የሚይዛት ግን ሹካው ነው።

"በስሙ" አሉ አባባ ኦይቻ።

"አሜን!" አሉ ሁሉም።

ዝም አልኩ። አማረች ገንዘቡን ከአባቷ ተቀብላ ልትከፍል እጇን ዘርግታለች። አባባ ኦይቻ ዓይናቸውን ገልጠው በቀጥታ እኔን አዩኝ።

"ልጄ፣ ያንቺን አሜን አልሰማሁም።"

"ድምጿ ትንሽ ነው እንጂ ብላለች" አሉ ጋሽ መኮንን ፈጥነው።

"አላልኩም" አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወደ ማግኔቱ ጠቆምኩ። "ይኼኛው ብረት ነው አባባ። አላየሁትም። ሳላየው አሜን ማለት አልቻልኩም።"

"እትዬ ሩት!" አለች አማረች። እንባዋ መጥቷል። "ሁልጊዜ ዝም ትያለሽ። ዛሬ ምን ነካሽ?"

አባቷ ገንዘቡን ወደ ኪሳቸው መለሱ። "ቆርቆሮ ሻጩ ዛሬ ክፍት ነው" አሉ፤ ለማንም ሳይሆን።

አባባ ኦይቻ ምርቃታቸው እንደተመለሰባቸው ያውቃሉ። ፊታቸው ጠቁሯል። ግን የቲነሩን ጨርቅ ራሳቸው አንስተው ሰጡኝ። "እዪ" አሉኝ። "ጌታን ካመንኩ ወዲህ ጎሜ አልፈራም እላለሁ። ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።" ጎሜ አባቶቻችን የሚፈሩት ነው፤ ሰው ቢያውቀውም ባያውቀውም ቤት ገብቶ የሚያድር የነውር ዕዳ። ጉድለት ደብቆ መሸጥ አንዱ ጎሜ ነው።

የሹካው ቀለም ሲለቅ ብቻውን አልወጣም። ዝገቱን ይዞ ነበር የወጣው። ሁለቱ እግሮች ከላይ የሚገናኙበትን ቦታ ላምባ ቀብቼ፣ ወልውዬ፣ ጠመኔ ነሰነስኩ። አሁን ብዙ አልጠበቅንም። እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ከአንድ በኩል ተነስቶ ዙሪያውን ሲሄድ፣ ጎንበስ ብለን አየነው። አማረችም አየችው። ከዚያ በኋላ አልተቆጣችኝም።

ከጋሽ መኮንን ጋር ሆነን ሹካውን ከብስክሌቱ ለየነው። አባባ ኦይቻ በእጃቸው ይዘው አገላበጡት። "ቁረጪው" አሉኝ። "እኔ ከሞትኩ በኋላ ልጆቼ ለሌላ ሰው እንዳይሸጡት።" በሴጌቶ ጀመርኩ። ገና ግማሽ ሳልደርስ በራሱ ተሰበረ፤ ከውስጡ ቀይ ዱቄት ፈሰሰ። አባባ ኦይቻ ዱቄቱን፣ ከዚያ የአማረችን እግሮች አዩ። "በዚህ ልትወርድ ነበር" አሉ።

አቶ ዛራ አሁንም ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። "ልጄ፣ ልስማ። ግዛ ነው ወይስ ተው?"

ሱቃችን ውስጥ የተሰቀለ አንድ ጤነኛ ሹካ አለ፤ ቴላዮው፣ ዋናው አካሉ፣ ከተሰበረ የድሮ ኮርስ ላይ የወረደ። የአንገቱን ውፍረት አውቀዋለሁ። የተሰበረውን ሹካ አንገት በካሊፐር ለካሁ። አንድ ነው። ርዝመቱ ይተርፋል፤ ይቆረጣል።

"ይገዛ" አልኩ። "በሌላ ሹካ።"

"እኔ ገንዘቡን ዛሬ አልቀበልም" አሉ አባባ ኦይቻ። "ዋጋውንም እቀንሳለሁ። ግን መጀመሪያ ሰው ይውረድበት። አሜኑ ለነገ ይደር።"

"እኔ እወርዳለሁ!" አለች አማረች።

ጋሽ መኮንን ኮርቻውን አዩ፤ ሆዳቸውንም አዩ። ብስክሌቱ ለአጭር ሴት የተሠራ ነው። እሳቸው ቢቀመጡበት ጉልበታቸው መሪውን ይነካል። ወደ እኔ ዞሩ።

"ይገዛ ብዬ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ" አልኳት አማረችን። "አንቺ ከታች ጠብቂ።"

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሱቅ ውስጥ ሠራን። የሹካውን አንገት ቆረጥኩ፤ ኩሽኔታዎቹን አጥቤ አዲስ ግራሶ ሞላሁ። ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩ። አዲሱንም ሹካ በላምባና በጠመኔ አየሁት። የቀረውን አረንጓዴ አማረች ራሷ በጨርቅ አነሳችው። ስትጨርስ ብስክሌቱ መሐል ወለል ላይ ራቁቱን ቆመ። ጎማ ሊያስነፉ የመጡ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይሄ ምንድነው?" ይሉ ነበር። ከጋሽ መኮንን በስተቀር ጮክ ብሎ ያወራ አልነበረም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ከተለመደው አንሰዋል።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሼቻ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆምኩ። ከአጥቢያዎቹ መዝሙር ይሰማል። ባጃጆች ተሰልፈው የቤተ ክርስቲያን ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። አንዱ ሾፌር አንገቱን አወጣ።

"ሲስተር! ፍሬን አለው?"

"አለው" አልኩት። "ያንተስ?"

ጓደኞቹ ሲስቁበት እኔ ለቅቄ ነበር።

በመጀመሪያው መታጠፊያ ፍሬኑን ሞከርኩ፤ ያዘ። ሹካው አልተንቀጠቀጠም። አስፋልቱ የተለጣጠፈበት ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ንዝረቱን ጠበቀ፤ ቲታኒየሙ ዋጠው። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ተሰምቶኝ አያውቅም። ከታች ሁለቱ ሐይቆች ተዘርግተዋል፤ ዓባያ እንደ ወተት ሻይ፣ ጫሞ ግራጫ፣ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጉብታ። ግራጫው ከሥሬ ያለው ግራጫ ነው። ነፋሱ ሻርፔን ወሰደብኝ፤ አልቆምኩም። መንገደኞች ያዩኛል። ይዩኝ።

ለሙያ ታናናሾቼ የምለው አንድ ነገር ነው። "ግዙት" ያላችሁትን ብስክሌት ቀድማችሁ ውረዱበት። አሜናችሁን እስከዚያ ያዙት።

ሲቀላ ላይ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ አማረች፣ አባቷ፣ ጋሽ መኮንንና አባባ ኦይቻ የመንገዱ ዳር ቆመው ነበር። ፍሬኑን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። አንድ እግሬን መሬት አስነካሁ። አባባ ኦይቻ ቀድመው መረቁና ጠበቁኝ።

"አሜን" አልኩ። መንገድ ማዶ ተሰማ።